የገበያ ዕድሜ በገበሬው አንድ ቀን ይለካል
የቦርደዴና የመንገድ ዳር ገበያዎች ትናንትና ነገ

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሚኤሶ የሚያቀና መኪና ቦርደዴን ሲያልፍ ፍጥነቱን መቀነሱ አይቀርም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ፍየል የሚነዱ ወጣቶች፣ የማሽላ ከረጢት የጫኑ አህዮችና የወተት ጀሪካን የያዙ ሴቶች ይታያሉ። በምዕራብ ሐረርጌ ቆላማ ክፍል፣ በጉምቢ ቦርደዴ ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ ኑሮዋ ከመንገዱ ጋር የተቆራኘ ነው። አርብቶ አደሩ ከብቱንና ወተቱን፣ አርሶ አደሩ ማሽላውንና በቆሎውን ይዞ ይመጣል። ከጭሮና ከአካባቢው ደጋ የሚወርደው ደግሞ አትክልት፣ ቡናና ጫት ያቀርባል።

የቦርደዴ ገበያ ብቻውን የቆመ አይደለም። በዚሁ መስመር አሰቦትና ሚኤሶ፣ ወደ ምዕራብ አዋሽ፣ ወደ ደጋው ጭሮ አሉ። ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ገበሬው ግን እንደ ነጋዴው አይዘዋወርም። እሱ ያለው አንድ ቀን ነው። ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ወጥቶ፣ ገበያ ደርሶ፣ ሽጦና ሸምቶ ሳይመሽ መመለስ አለበት። ይህን ማድረግ የቻለበት ገበያ ይደራል፤ ያልቻለበት ገበያ አዳራሹ ቢያምርም ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል።

ይህ እውነት በሐረርጌ ብቻ የታየ አይደለም። ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት በእንግሊዝ ገጠር የተቋቋሙት መንደር ገበያዎችም የተነሡትና የወደቁት በዚሁ ሕግ ነው። የሁለቱን ታሪክ አስተያይቶ ማየት ዛሬ የገበያ ቦታ ለሚመርጥ የወረዳ አመራርም፣ ምርቱን የት እንደሚያወጣ ለሚያስብ አርሶ አደርም ይጠቅማል።

ፈረቃ፦ ቀንን የመቆጠብ ብልሃት

የገበሬ ቀን ምን ያህል ውድ እንደሆነ በሚገባ የሚያውቁት የሚኤሶና የቦርደዴ አካባቢ የወተት ሻጭ ሴቶች ናቸው። በቆላው ሙቀት ወተት አያድርም። ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ብቻ ያላት እናት ደግሞ ለዚያች ወተት ስትል ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ብትውል ከትርፉ ይልቅ ኪሳራው ይበልጣል። ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው፣ ጥጃ የሚጠበቀው በዚያው ቀን ነው።

ሴቶቹ መላ ያደረጉት በኦሮምኛ «ፈረቃ አናኒ» የሚባለውን የወተት ፈረቃ ነው። ጥቂት ጎረቤታሞች ይሰባሰቡና የዕለቱን ወተት ሁሉ ለባለ ተራዋ ይሰጣሉ። ባለ ተራዋ ወተቱን ይዛ ገበያ ትወጣለች፤ ገንዘቡም የእሷ ይሆናል። በማግስቱ ተራው ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገራል። በዚህ መንገድ በየቀኑ አንዲት ሴት ብቻ ትሄዳለች፤ የቀሩት ቀናቸው ይተርፍላቸዋል። ተራ ሲደርሳቸውም የሚያገኙት ገንዘብ ጠርቀም ያለ በመሆኑ ለዘይት፣ ለስኳር፣ ለልጅ ደብተር ይበቃል።

ይህ አሠራር ማንም ያላቋቋመው፣ በጀት ያልተያዘለት ነው። ነገር ግን የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ገበያው ባለ ተራዋ ደርሳ ወተቱ ሳይበላሽ የምትሸጥበት ርቀት ላይ መሆን አለበት። ገበያው ከራቀ ወይም መኪና የሚቆምበት ሥፍራ ከተቀየረ ፈረቃው ይፈርሳል። የመንገድ ዳር ገበያ መክሰም በመጀመሪያ የሚጎዳው የእነዚህን ሴቶች ጓዳ ነው።

አልዩ አምባ ምን አጋጠመው?

በአገራችን ገበያ ከተማን ቀድሞ የመጣባቸው ሥፍራዎች ብዙ ናቸው። በደቡብ ጎንደር አርብ ገበያና ሐሙሲት ስማቸውን ያገኙት ከገበያ ቀናቸው ነው። ሰው በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኝበት ሜዳ ውሎ አድሮ ጠጅ ቤት፣ ሱቅ፣ ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤት አፈራ። ግን የደሩት ሁሉ እንደ ደሩ አልቀሩም።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ ወደ ሸዋ የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፍበት ዋናው ገበያ ከአንኮበር በታች ያለው አልዩ አምባ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ የገባው በዚያ በኩል ነው። አርብ አርብ በሚቆመው በዚህ ገበያ የደጋው እህልና ከብት ከቆላው አሞሌ ጨውና ከባሕር ማዶ ከመጣው ጨርቅ ጋር ይለዋወጥ ነበር።

በኋላ መናገሻው ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ሐረር በ1879 ዓ.ም በምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባ በጨርጨር በኩል የሚያልፈው መንገድ ተጠናከረ። በመጨረሻም ባቡር መጣ። አልዩ አምባን ማንም በአዋጅ አልዘጋውም፤ ጦርም አላፈረሰውም። ነጋዴው አጠር ያለና የተሻለ መንገድ ስላገኘ ብቻ ቀድሞ የነበረውን ስፋት አጣ።

ባቡሩ ያስነሣቸው

የጅቡቲ አዲስ አበባ የምድር ባቡር ፈቃድ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ያልወጣው ዳገቱ ከባድ ስለነበር ነው። በዚህ አንድ ምክንያት ባዶ ሜዳ የነበረው ሥፍራ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ሆነ። ሐረር አልጠፋችም፤ የውጭው ንግድ መናኸሪያነት ግን ከጀጎል ወደ ድሬዳዋ ወረደ።

በሐረርጌ ቆላም እንዲሁ ሆነ። ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር የመሳሰሉት ባቡሩ የሚቆምባቸው ሥፍራዎች ነበሩ። ባቡር በሚቆምበት ሁሉ ወተት፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላልና ፍየል ይዞ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። በጨርጨር ደጋ የሚመረተው ቡና ወደ ሐዲዱ ይወርድ፣ ከሐዲዱም ጨውና ጨርቅ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1910ዎቹ ዓ.ም ጨርጨርን ያስተዳደሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ በፕላን እንድትመሠረት አድርገዋል። ከተማዋ በፕላን ብቻ አልቆመችም። ደጋውና ቆላው፣ ቡናውና ከብቱ የሚገናኙበት ወሳኝ ሥፍራ ላይ በመሆኗ ጸናች።

አሮጌው ባቡር በእርጅና እየደከመ ሄዶ በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለሱን ሲያቆም ጣቢያ ዳር የነበረው ጉልት ሁሉ ደንበኛውን አጣ። ጉልቱ ወደ አስፋልቱ ዞረ። ከመኪና መንገድ አጠገብ የነበሩ ከተሞች ሲበረቱ፣ ሐዲድ ብቻ የነበራቸው ተቀዛቀዙ። የቦርደዴም ጥንካሬ ከአስፋልቱ ዳር መሆኗ ነው።

የእንግሊዞቹ የቀን ሲሶ

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1200 እስከ 1349 ባለው ጊዜ ነገሥታቱ ከአንድ ሺህ በላይ የገበያ ፈቃድ ሰጥተዋል። ፈቃዱን የሚጠይቁት በአብዛኛው ባላባቶችና ገዳማት ነበሩ። ባላባቱ ለንጉሡ ይከፍላል፤ በምላሹ በመንደሩ በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ያቆማል፤ ከሚሸጠው ሁሉ ቀረጥ ይሰበስባል። በዚያ ዘመን ሕዝቡ በዝቶ ነበር፤ ገንዘብም በገጠር መዘዋወር ጀምሮ ነበር። ገበሬውም ግብሩን በጥሬ ገንዘብ ስለሚከፍል የሚሸጥበት ቅርብ ሥፍራ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ባላባት ገበያ እንዲኖረው ተመኘ።

ገበያዎቹ ሲበዙ እርስ በርስ መጎዳዳት መጡ። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ብራክተን የተባለ የሕግ ሊቅ ስም በሚጠራበት የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ አንድ መለኪያ ተቀምጧል። ሰው በቀን የሚጓዘው ሃያ ማይል ነው፤ ይህ ለሦስት ይከፈል። አንዱ ሲሶ ለመሄጃ፣ አንዱ ሲሶ ለመገበያያ፣ አንዱ ሲሶ ለመመለሻ። ስለዚህ አዲስ ገበያ ከነባሩ ከስድስት ማይል ከሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ላይ ከቆመ ነባሩን ይጎዳልና ሊከሰስ ይችላል። መለኪያው የተነሣው ከገበሬው ቀን ነው።

ሁለተኛው ብልሃታቸው የገበያ ችሎት ነበር። «የአቧራማ እግሮች ችሎት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ነበረው፤ ከመንገድ አቧራ ጋር ለሚመጣ ነጋዴ የቆመ ስለሆነ። የሚዛን መጓደል፣ የዕዳ፣ የስርቆት ክርክር ባለጉዳዩ አገሩ ሳይመለስ ብዙውን ጊዜ በዚያው በገበያው ቀን ይፈረድ ነበር። ፍርድ የሚዘገይበት ገበያ ነጋዴ እንደማይመጣበት ያውቁ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ እነዚያ ገበያዎች አብዛኞቹ አልዘለቁም። እ.ኤ.አ. ከ1348 ጀምሮ የገባው ታላቅ ወረርሽኝ የሕዝቡን ሲሶ፣ እንዲያውም በአንዳንድ ሥፍራ ግማሹን ገደለ። ገዢም ሻጭም አነሰ። ነጋዴው ጥቂት ጥሩ ገበያዎችን መርጦ ሌሎቹን ተወ። እስከ አሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ከቀደሙት ገበያዎች የተረፉት ከሦስት አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። ወረርሽኙ ግን ብቸኛው ምክንያት አልነበረም። ብዙዎቹ ቀድሞውንም የተቋቋሙት ባላባቱ ቀረጥ ስለፈለገ እንጂ መንገድና ምርት የሚገናኝበት ሥፍራ ስለሆነ አልነበረም። ፈቃድ ወጥቶላቸው ጭራሽ ያልቆሙም ነበሩ።

በዋይት ደሴት የምትገኘው ኒውታውን እ.ኤ.አ. በ1256 በአንድ ጳጳስ በፕላን የተመሠረተች ከተማ ነበረች። በ1377 የፈረንሳይ ወራሪዎች አጠቋት፤ ከዚያ በኋላ አላገገመችም። ዛሬ የከተማ አዳራሿ በጥቂት ቤቶች መካከል በመስክ ዳር ለብቻው ቆሞ ይታያል። በተቃራኒው የዎስተር ጳጳስ በ1196 የገበያ ፈቃድ ያወጣላት ስትራትፎርድ ኤቮን የተባለውን ወንዝ የሚያቋርጥ መንገድ ላይ ስለነበረች ደርታ ቀረች። ሁለቱም ፈቃድ ነበራቸው፤ ሁለቱም ፕላን ነበራቸው። የለያቸው የቆሙበት ሥፍራና ያገኙት ሰላም ነው።

ነገ በቦርደዴ

ይህ ታሪክ ለምዕራብ ሐረርጌ ዛሬ ለምን ይጠቅማል? መንገዱ እንደገና እየተቀየረ ስለሆነ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመርቆ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ይሰጣል። መስመሩ በሚኤሶ በኩል ያልፋል። አዲሱ ባቡር ግን እንደ አሮጌው በየመንደሩ እየቆመ ወተት የሚገዛ አይደለም፤ ዋና ሥራው ከወደብ ኮንቴይነር ማመላለስ ነው። በዚሁ ምሥራቃዊ መስመር የፍጥነት መንገድ በየምዕራፉ ለመዘርጋት ሥራ ተጀምሯል። የፍጥነት መንገድ ባሕርይው ይታወቃል፤ በአጥር የተከለለ ነው፤ መግቢያና መውጫው በተወሰነ ሥፍራ ነው፤ መኪና ዳር ይዞ ፍየል ለመግዛት አይቆምበትም። የመንገድ ዳር ገበያ እንደ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ጉልት የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ማለት ቦርደዴ ትከስማለች ማለት አይደለም። ገበያው ከአላፊ አግዳሚው ሽያጭ ወደ ተደራጀ የቁም እንስሳትና የእህል ግብይት ካልተሸጋገረ ግን ወደፊት የሚቀርለት ነገር አነስተኛ ይሆናል ማለት ነው። ነገሩ የገቢ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም በኤልኒኞ ምክንያት በተከሰተው ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በድርቅ ጊዜ ከብት ይከሳል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ የእህል ዋጋ ደግሞ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ገዢ የሚመጣበት ቅርብ ገበያ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ፍየል ሸጦ ማሽላ ይገዛል። ገበያው የራቀበት ግን ከብቱ መንገድ ላይ ይወድቅበታል።

ሰላምም እንዲሁ ከገበያ ጋር የተሳሰረ ነው። በ2010 ዓ.ም መባቻ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት እንደታየው፣ ጸጥታ ሲደፈርስ መጀመሪያ የሚዘጋው ገበያ ነው። ሲረጋጋም ሰው ተመልሶ የሚገናኘው እዚያው ነው። ከብት አርቢውና አራሹ፣ ኦሮሞውና ሶማሌው በሚገበያዩበት ሜዳ የሚኖረው ጥቅም ሁለቱንም ወገን ለሰላም ያስባል።

ከአመራሩ ምን ይጠበቃል?

የመጀመሪያው ርቀትና ቀን ነው። አጎራባች ቀበሌዎች ገበያ ሲጠይቁ መታየት ያለበት የቀበሌው ፍላጎት ብቻ ሳይሆን ከነባሩ ገበያ ያለው የእግር ጉዞና የገበያ ቀኑ ነው። በአንድ መስመር ያሉ ከተሞች ቀናቸውን ቢያፈራርቁ ነጋዴው በሁሉም ይደርሳል፤ በአንድ ቀን ከቆሙ ግን ሁሉም ይሳሳሉ። በወተት ሴቶች ዘንድ የሠራው ፈረቃ በከተሞች መካከልም ይሠራል።

ሁለተኛው ክፍያ ነው። ከከብቱ የሚሰበሰበው የኮቴ ክፍያ ለወረዳው ገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ መንገድ ላይ በገበያ በር፣ በኬላና በመጫኛ ሥፍራ ደጋግሞ የሚከፈል ከሆነ ነጋዴው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የእንግሊዝ ባላባቶች ስህተት ገበያን እንደ ቀረጥ መሰብሰቢያ ብቻ ማየት ነበር። አንድ ጊዜ በደረሰኝ የሚከፈል፣ በግልጽ ተጽፎ የተለጠፈ ተመን ገበያውንም ወረዳውንም ያቆያል። ከሚሰበሰበው ላይ ጥቂቱ ተመልሶ ለገበያው ቢውል ደግሞ ከፋዩ ክፍያውን አይሸሽም።

ሦስተኛው የገበያው ቁሳቁስ ነው። በቆላ የቁም እንስሳት ገበያ ከሰፊ አዳራሽ ይልቅ የሚያስፈልገው ውኃ፣ ጥላ፣ ጠንካራ በረት፣ የእንስሳት ሚዛን፣ ከብት ሳይሰበር መኪና ላይ የሚወጣበት መጫኛና የእንስሳት ሐኪም ነው። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ግብይቱ በተደራጁ ማዕከላት እንዲካሄድ መሠረት ጥሏል። ማዕከሉ የት ይሁን የሚለውን በትክክል መመለስ ግን የወረዳው ድርሻ ነው። ለወተት ሴቶች ደግሞ ጥላ ያለው መሸጫና ንጹሕ ውኃ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

አራተኛው ፈጣን ዳኝነት ነው። የሚዛን፣ የዕዳና የተሰረቀ ከብት ክርክር ገበሬውን ለሳምንታት ካመላለሰው ገበያውን ይተወዋል። በገበያ ቀን የአገር ሽማግሌዎች፣ የንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያና ፖሊስ በአንድ ሥፍራ ቢገኙ አብዛኛው ጉዳይ ጀንበር ሳትጠልቅ ያልቃል።

አምስተኛው ከመንገድ ሥራው ጋር መነጋገር ነው። የመግቢያና መውጫ ሥፍራ፣ የእንስሳት መሻገሪያና ገበያውን ከአዲሱ መንገድ የሚያገናኝ መጋቢ መንገድ የሚወሰነው በዲዛይን ጊዜ ነው። አጥሩ ከታጠረ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ዘግይቷል። የወረዳ አመራሮች የገበያውን ቀን፣ ወደ ገበያው የሚመጣውን ከብት ብዛትና ከየት እንደሚመጣ መዝግበው ቢይዙ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚናገሩበት ማስረጃ ይኖራቸዋል።

አርሶና አርብቶ አደሩስ?

አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩም ከወዲሁ የሚሠራው አለ። ተደራጅቶ መሸጥ አንዱ ነው። አምስት ፍየል ያለው ሰው ብቻውን ደላላ ፊት ሲቆም ዋጋ የሚወስነው ደላላው ነው። ሃያ ቤተሰብ መቶ ፍየል ይዞ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ቢያቀርብ ግን ነጋዴው ራሱ መኪና ይዞ ይመጣል። ድርቅ ሲያስጠነቅቅ ከብቱ ሳይከሳ ቀደም ብሎ መሸጥም ሌላው ነው። ከመሄዱ በፊት የአጎራባች ገበያዎችን ዋጋ በስልክ መጠየቅ ደግሞ የእጅ ስልክ ላለው ሁሉ ቀላል ነው።

አልዩ አምባን ማንም አልዘጋውም፤ ኒውታውንም አዳራሿን አላጣችም። ገበያ የሚጠፋው ሰው መምጣት ሲያቆም ነው። ሰው መምጣት የሚያቆመው ደግሞ ቀኑ አልበቃው ሲል ነው። የቦርደዴ ባለ ተራ ሴት ጀሪካኗን ይዛ ወጥታ፣ ወተቷን ሸጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ መመለስ እስከቻለች ድረስ ገበያው አለ። ከዚህ በኋላ የሚወጣ ማንኛውም የመንገድ፣ የኬላም ሆነ የገበያ ዕቅድ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ የእሷን ቀን ያሳጥርላታል ወይስ ያረዝምባታል የሚል ነው።